መንገደኛ ምን ይያዝ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ ይዘን የቀረብነው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው። ሻንጣውን ከፍቶ አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው፤ ይኸውም «መንገደኛ ምን ይያዝ? ምንስ ይተው?» የሚል ነው። ብዙዎቻችን ይህን የጓዝ ጉዳይ እንጂ የሕሊና ጉዳይ አድርገን አንቆጥረውም። እኛም እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ እንዲሁ ነበርን። ዳሩ ግን በአንድ ጉዞ ላይ የሆነው ነገር ዐሳባችንን ስለ ለወጠው፣ ተነጋግረንበት የደረስንበትን ለእናንተ ልናካፍል ወደድን።

እኛ የዳንግላና የእንጅባራ ልጆች መንገደኞች ነን። ከተሞቻችን ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ባሕር ዳር ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከእንጅባራ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከመካከላችን ባሕር ዳር የሚማር አለ፤ ደብረ ማርቆስ የሚማር አለ፤ ከዳንግላ ተነሥቶ እንጅባራ የሚማርም አለ። መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ ሁሉ ለትምህርት እንሄዳለን፣ ለበዓል እንመለሳለን፣ በየገጠሩ አብያተ ክርስቲያናት ለዝማሬ አገልግሎት ስንጠራ ደግሞ እንደገና እንነሣለን። እንግዲህ ሻንጣ መክፈትና መዝጋት የዘወትር ሥራችን ነው ማለት ይቻላል።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ከእንጅባራ ወዲያ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የንግሥ በዓል እንድናገለግል ተጋብዘን፣ 14 ሆነን ከዳንግላ መናኸሪያ ተነሣን። ጉዞው ሁለት ሌሊት ብቻ የሚታደርበት ነበር። ሆኖም እያንዳንዳችን እንደ ባሕር ማዶ ተጓዥ ትልልቅ ሻንጣ ይዘን ነበር የመጣነው። ቀድመን ስለ ደረስን ሻንጣዎቻችን የሚኒባሱን ፖርቶ መጋላ ከዳር እስከ ዳር ሞሉት። ልንነሣ ጥቂት ሲቀረን አንዲት እናት ግማሽ ኩንታል የሚሆን እህል በማዳበሪያ አሸክመው መጡ። ለእርሳቸው የሚሆን አንድ መቀመጫ ነበረ፤ ለእህላቸው ግን ቦታ አልነበረም። ረዳቱ ወደ ላይ ቀና ብሎ አየና «እናቴ፣ ላዩ ሞልቷል፤ የሚቀጥለውን ይጠብቁ» አላቸው። እርሳቸውም ነጠላ መልበሳችንን አይተው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እንደምንሄድ ዐውቀው ኖሮ «ይሁን ልጆቼ፣ በሰላም ግቡ» ብለው መርቀውን እህላቸው ላይ ተቀመጡ። ጊዜው ወደ 11 ሰዓት ተጠግቶ ነበር። የሚቀጥለው መኪና ይምጣ ወይም ይቅር አናውቅም። በመስኮቱ እያየናቸው ሄድን። መዝሙራችንንም አላቋረጥንም ነበር።

በማግሥቱ ሻንጣዎቹ ሲከፈቱ በውስጣቸው የነበረውን ብንነግራችሁ ታፍሩልናላችሁ። ለሁለት ሌሊት ሦስት ጫማ የያዘ ነበረ። ለ14 ሰው 14 የስልክ ቻርጀር፣ 14 ሳሙና፣ 9 የፀጉር ቅባት ተቆጠረ። ከሁሉም በላይ የከነከነን ግን ወደ ቤት ስንመለስ ያየነው ነው። ከያዝነው ልብስ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሳይዘረጋ፣ እንደ ታጠፈ ተመለሰ። የእኚያን እናት እህል ያስቀረው ይህ ያልተዘረጋ ልብስ ነበር።

ይህ የአንድ ወገን ጥፋት ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ነበረ። ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን ምንም ሳይይዝ፣ ስልኩን በኪሱ ከትቶ፣ እጁን እያወዛወዘ ነበር መናኸሪያ የደረሰው። ሻንጣችንን እያየ ሳቀብን፤ እኛም እውነት መስሎን «ጐበዝ! መንገደኛ ማለት እንዲህ ነው» አልነው። እንጅባራ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ነው፤ የጥር ሌሊቱን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሌሊት ሲሆን ያ ወንድማችን የአንዱን ጋቢ ለመነ፤ ከሌላው ሹራብ ወሰደ፤ የእኅቶችን በሶ በላ፤ በሦስተኛው ሰው ሳሙና ታጠበ። ጋቢውን የሰጠው ወንድም ሲንቀጠቀጥ አድሮ በማግሥቱ ድምፁ ተዘግቶ ከመዘምራኑ ተለይቶ ቆመ። እንግዲህ ያ ወንድማችን ቀሎት መጣ እንጂ ሸክሙ አልቀረም፤ ትከሻ ብቻ ነው የለወጠው።

እንግዲህ ጥያቄያችን የተነሣው ከዚህ ነው። ብዙ መያዝ ጥፋት ከሆነ፣ ምንም አለመያዝም ጥፋት ከሆነ፣ ልኩ የት ላይ ነው? ኪሎው ስንት ሲሆን ነው ሰው ጻድቅ መንገደኛ የሚባለው?

ነገሩን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ወስደን ስንመረምረው መጀመሪያ ግራ አጋባን። ጌታችን ሐዋርያትን ሲልካቸው የሰጣቸው የጉዞ ትእዛዝ በሦስቱ ወንጌላት ተጽፏል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 በትርና ጫማ ተፈቅዶላቸዋል፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ግን ጫማውም በትሩም ከማይያዙት ጋር ተቆጥረዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ደግሞ ጌታችን ያን ፊተኛውን መላክ አስታውሶ፣ ያን ጊዜ የጐደለባቸው ነገር እንዳልነበረ ካስመሰከራቸው በኋላ፣ አሁን ግን ከረጢትም ኮረጆም ያለው ይያዝ ይላቸዋል። እንግዲህ ቀሎ መጓዝ በራሱ የቆመ ሕግ ቢሆን ኖሮ እንደ ጊዜው ባልተለወጠ ነበር። ጓዙ የሚለካው ሰውየው በሚሄድበት ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሦስቱም ወንጌላት በአንድ ቃል የሚስማሙበት ነገር አለ፤ ይኸውም ሁለተኛው እጀ ጠባብ ነው። ስለ በትሩና ስለ ጫማው የተለያየ ቢጻፍም ሁለት እጀ ጠባብ እንዳይኖራቸው ሦስቱም ጽፈዋል። ለምን ይሆን? መልሱን በዚያው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 የምናገኘው ይመስለናል። ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ምን እናድርግ ብለው ለጠየቁት ሕዝብ የሰጠው መልስ፣ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው እጀ ጠባብ ሸክም ብቻ አይደለም፤ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ብርድ ላይ ነው። ሻንጣችን ውስጥ ሳይዘረጋ የተመለሰው ልብስ የማን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባን።

ስለ ሸክም የሚናገረው ሌላው ክፍል የገላትያ መልእክት ምዕራፍ 6 ነው። በቁጥር 2 ላይ ቅዱስ ጳውሎስ አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዛል፤ ከሦስት ቁጥር በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም ይሸከማል ይላል። ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ መስሎ የሚታየው አለ። ለእኛ ግን ከዚያ ጉዞ በኋላ አንዱ ያለ ሌላው የማይቆም ሆኖ ታየን። ሻንጣው ከዐቅሙ በላይ የሆነበት ሰው የሌላውን ሸክም ሊያነሣ አይችልም፤ እጁ ተይዟል። ባዶ እጁን የመጣው ደግሞ የራሱን አልተሸከመምና ለሌላው ተረፈ ሊባል አይችልም። ልኩ እንግዲህ ይህ ነው፦ የራስን ሸክም ለማንም ሳይጥሉ መያዝ፤ ከዚያም አንድ እጅ ለሌላው ማስተረፍ። በእኛ ዐሳብ ቅለት ማለት የተረፈ እጅ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን መንገደኛ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በጐጃም ምድር ያደገ ሰው የቆሎ ተማሪን ሳያይ አላደገም። ለቅኔ ወደ ጎንጅና ወደ ዋሸራ፣ ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለቅዳሴ ወደ ደብረ ዓባይ እያለ ዕድሜውን በመንገድ የሚፈጅ ተማሪ ጓዙ ምንድን ነው? ደበሎ፣ አኮፋዳ፣ በትርና ቅል። ደበሎው ቀን ልብስ፣ ሌሊት ምንጣፍና ብርድ ልብስ ነው። በትሩ ዳገት ሲወጣ ድጋፍ፣ መንደር ሲገባ የውሻ መከላከያ ነው። በቅሉ ውኃ ይቀዳል፣ ይጠጣልም። ከእያንዳንዱ ዕቃ ሁለትና ሦስት አገልግሎት ያወጣል እንጂ ለአንድ አገልግሎት ሁለትና ሦስት ዕቃ አይዝም። ዋናውን ንብረቱን ትምህርቱን ደግሞ በቃሉ ይዞ ስለሚሄድ ዝናብ አያበሰብሰውም፣ ሌባም አይወስድበትም።

እዚህ ላይ የሚጠይቀን ይኖራል። «የቆሎ ተማሪስ በሰው ደጅ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ እየለመነ የሚኖር አይደለምን? እናንተ ከነቀፋችሁት ወንድም በምን ይለያል?» ሊለን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛም ብዙ ተከራክረንበታል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው። የቆሎ ተማሪ የሚለምነው ለዕለቱ የሚበቃውን ነው። ያገኘውንም ብቻውን አይበላም፤ ታሞ ጎጆ ውስጥ ለቀረው ጓደኛው ያካፍላል። ነገ ደግሞ መምህር ወይም ካህን ሆኖ ያን የመገበውን ሕዝብ ያገለግላል። ሊሸከመው የሚገባውንም ደበሎውን ይሸከማል፤ የሰው ደበሎ አይገፍም። ወንድማችን ግን ጋቢ በቤቱ ነበረው። ትቶት የመጣው ስለሌለው ሳይሆን ስለ ከበደው ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ሸክም ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይደለ ልንዘነጋ አይገባም። ከቤት ስንወጣ እናቶቻችን በሶውን፣ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ የዳንግላ ማር ሲገኝም በትንሽ ጀሪካን ማሩን ይቋጥሩልናል። ብዙዎቻችን ለዚህ ስንቅ «እማዬ፣ ይከብደኛል፣ ተይው» እንላለን። እውነቱን ከተናገርን ግን የሚከብደን ኪሎው አይደለም፤ በግቢው ውስጥ ጓደኞቻችን በሶ ስንበጠብጥ እንዳያዩን ነው። ለሦስተኛው ጫማ ቦታ ያገኘ ሻንጣ ለእናት በሶ ቦታ ካጣ፣ ጉድለቱ ከሻንጣው ስፋት አይደለም። ያች እናት ገብሱን ስትቆላና ስትፈጭ ያመሸችው ልጇ በሄደበት እንዳይቸገር ነው። ደግሞም በሶ ለመንገደኛ ከሁሉ የተሻለ ምግብ መሆኑን አባቶቻችን ያውቁታል። እሳት አይፈልግም፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ለጾም ይሆናል፣ አንድ ኩባያና ውኃ ካለ ማዕድ ቀረበ ማለት ነው። ከሌላ ጋር ሲካፈሉት ደግሞ ሸክሙ እየቀለለ ይሄዳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት እዚህ ላይ ማስታወስ ነው። ስለዚህ ከባድ ስንቅ ሲቋጠርልን ጥያቄው እንተወው ወይ ሳይሆን ከማን ጋር እንካፈለው ሊሆን ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ በፍርሃት እንናገራለን። ባዶ እጁን የሚጓዝ ሁሉ ቀሎት የሚጓዝ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በደረሰው ጥቃት ከቤት ንብረታቸው የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ወደ ዞናችን መጥተው፣ በቻግኒ ራንች በተባለው ቦታ ተጠልለው እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ልጃቸውን ብቻ አዝለው የደረሱ ነበሩ። በእነርሱ ፊት ቆሞ ስለ ጓዝ ማቅለል መልካምነት መስበክ ኀጢአት ነው። መተው በጎነት የሚሆነው መያዝ እየቻሉ ሲተዉት ነው፤ የተነጠቀ ሰው አልተወም። ለተነጠቀው የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን የእኛ ሁለተኛ እጀ ጠባብ ነው። እንዲህ ያለውን ጊዜ ያየ ትውልድ ለሁለት ሌሊት ጉዞ ሦስት ጫማ ሲቋጥር ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል እንላለን።

እንግዲህ ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር፣ ከዚያ ጉዞ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የተስማማንበትን በአጭሩ እንገልጻለን።

1ኛ/ እያንዳንዱ ራሱ ሊይዘው የሚገባው፣ ለማንም የማይጣል ሸክም አለ። ይኸውም አንድ ጋቢ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ነጠላ፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ መታወቂያ፣ በሶና ኩባያ፣ የውኃ መያዣ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነም መድኃኒቱ ነው። ጋቢ ከወፍራም ካፖርት የተመረጠበት ምክንያት ልብስም፣ ብርድ ልብስም፣ ሲታጠፍ ትራስም ስለሚሆን ነው። ከሞቃቱ ባሕር ዳር ተነሥቶ እንጅባራ ደጋ ላይ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ስስ ልብስ፣ በላዩ ሹራብ፣ በላዩ ጋቢ እየደረበና እየቀነሰ ቢሄድ ይሻለዋል።

2ኛ/ በክረምት ይህ ሁሉ ከዝናብ መከለያ ጋር ይሁን። በአገራችን እረኛ ያለ ገሳ እንደማይወጣ ሁሉ መንገደኛም ያለ ላስቲክ ወይም ያለ ጃንጥላ አይውጣ። የበሰበሰ ጋቢ ከሁለት ጋቢ ይከብዳልና።

3ኛ/ የጋራ የሚሆነው በጋራ ይያዝ። ቻርጀር ለአምስት ሰው አንድ፣ ሳሙና ለአራት ሰው አንድ፣ የእጅ ባትሪና የመጀመሪያ እርዳታ መድኃኒት ለሁሉ አንድ ይበቃል። ማን ምን እንደሚይዝ በዋዜማው ይጻፍ።

4ኛ/ ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱ ዕቃ በሁለት ጥያቄ ይፈተን። የመጀመሪያው «ይህን ብተወው ማን ይሸከምልኛል?» የሚል ነው። መልሱ የአንድ ሰው ስም ከሆነ ዕቃው ይያዝ። ሁለተኛው «ይህን ብይዘው የማንን ቦታ እወስዳለሁ?» የሚል ነው። እዚህም ላይ የሰው ስም ከመጣ ዕቃው ቤት ይቅር።

ምናልባት አንዳንዱ አንባቢ «በዚህች ትንሽ ነገር ይህን ያህል መጨነቅ ለምን?» ይል ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ እናስባለን። ዛሬ በሁለት ሌሊት ጉዞ ላይ ለሌላው ቦታ መተውን ያልለመደ ሰው፣ ነገ መምህር ወይም ሐኪም ወይም ሹም ሲሆን በድንገት ሊለምደው አይችልም። ያን ጊዜ ከፖርቶ መጋላው የሚበልጥ ስፍራ ይይዛል፤ ደጅ የሚቀሩትም ከአንዲት እናት ይልቅ ብዙዎች ይሆናሉ። ደግሞም ሁላችንም የምንሄደው አንድ የመጨረሻ መንገድ አለ። ለጢሞቴዎስ በተላከው በፊተኛው መልእክት ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፣ ወደዚህ ዓለም ስንመጣ ይዘነው የመጣነው የለም፤ ስንሄድም የምንወስደው የለም። በዚያ መንገድ የምንጠየቀው ስለ ያዝነው ሳይሆን የማንን ሸክም እንዳነሣን ነው።

ዘንድሮ ለዚያው በዓል ዳግመኛ ስንጠራ፣ 14 ሆነን ሰባት ሻንጣ ይዘን ወጣን። የፖርቶ መጋላው ግማሽ ባዶ ነበር። አንድ አባት ሁለት ጆንያ ድንች ይዘው መጡ፤ ወንድሞች ወርደው አነሡላቸው። ባለፈው ዓመት ባዶ እጁን የመጣው ወንድማችንም ከመካከላቸው ነበር፤ ጋቢውን በትከሻው አጣፍቶ ጆንያውን በአንድ ጫፍ ያዘ። የዓምናዋን እናት ግን በመናኸሪያው ፈልገን አላገኘናቸውም። ያን ቀን ከእህላቸው ጋር እንዴት እንደ ገቡ፣ ወይም እንዳልገቡ፣ እስካሁን አናውቅም። ይቅርታ ልንጠይቃቸው የምንችለው ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው ቦታ በመተው ብቻ ነው።

የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን፤ መንገዳችንን ሁሉ የሰላም ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።